ባሕሩ ሲሸሽ ምን ይታያል? በጋውን ሙሉ የባሕር ዳርቻ እንስሳትን ስለ መከታተል

እንደምን አላችሁ። የዛሬው ንግግር በባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ፣ ወይም በጋውን እዚያ ለሚያሳልፉና በዙሪያቸው ያሉትን የዱር እንስሳት በወጉ ማየት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በጋ ስል ቀኑ የሚረዝምበትንና ውሃው የሚሞቅበትን ወቅት ማለቴ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ይህ ወቅት የሚውለው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እኛ ክረምት በምንላቸው ወራት ማለት ነው። በስተደቡብ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ወራት ስጠራ የሰሜኑን ይዤ ነው፤ ደቡብ ያላችሁ ገልብጡት።

ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው ይህንን ነው፦ መቶ ሜትር የማይሞላ አንድ የዳርቻ ክፍል ምረጡና እሱኑ ደጋግማችሁ እዩት። ሃያ ዳርቻ አንድ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሃያ የሚያምሩ ፎቶዎች ይኖሩታል። አንዱን ዳርቻ ሃያ ጊዜ ያየ ሰው ግን የትኛው ሸርጣን ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንቁላል እንደጣለ፣ ትናንት ያልነበረው ምን እንደሆነ ያውቃል። ደጋግሞ መሄድ ሲባል ደግሞ በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን በባሕሩ ሰዓት ነው።

ባሕሩ የራሱ ሰዓት አለው። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ውሃው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ትርፎቹ 50 ደቂቃዎች የመጡት ከጨረቃ ነው፤ ምድር አንድ ዙር ዞራ ስትጨርስ ጨረቃ በመንገዷ ትንሽ ወደፊት ሄዳለችና እሷን ለመድረስ ያን ያህል ጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሸሽቶ የሚያልቅ ውሃ ነገ የሚያልቀው 2 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሳምንቱ መዘግየቱ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ይቃረባል። እንግዲህ «ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ የያዘ ሰው አንዱን ቅዳሜ ዐለቱን ተራቁቶ ያገኘዋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዐለቱ ውሃ ውስጥ ነው። ከዚያም «እንስሳቱ ጠፉ» ብሎ ይመዘግባል። እንስሳቱ የትም አልሄዱም።

መድኃኒቱ የሙላትና የሽሽት ሠንጠረዥ ነው። ለብዙ ወደቦች በየዓመቱ ይታተማል፤ በስልክም ይገኛል። የየዕለቱ ሙላትና ሽሽት ሰዓትና ከፍታ ተጽፎበታል። ሲነበብ ሦስት ቦታ ላይ ስህተት ይፈጠራል።

አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሠንጠረዡ የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ብሎ ያነበበ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። በሽሽትና በሙላት መካከል ያለው ጊዜም ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ጢም ባለበት ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚያዞሩ አገሮች ደግሞ ሠንጠረዡ ይህን ለውጥ ያካተተ መሆኑን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጉ። አንዳንዱ ያካትታል፣ አንዳንዱ አያካትትም።

ሁለተኛው የከፍታው ቁጥር ነው። ዜሮ የሚለው የባሕሩ አማካይ ከፍታ አይደለም፤ በዚያ አካባቢ ውሃው ሊወርድ ከሚችልበት ዝቅተኛ ቦታ አጠገብ የተወሰነ መነሻ ነው። ስለዚህ ለሽሽት 0.3 ሜትር የሚል ቁጥር ካያችሁ ብዙ ዐለት የሚራቆትበት ግሩም ቀን ነው፤ 1.9 የሚል ከሆነ ጥልቁ ክፍል አይገለጥም። ትልልቆቹ ሽሽቶች ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይተው ይመጣሉ። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ውሃው ብዙ አይወጣም፣ ብዙም አይወርድም። የቀን መቁጠሪያችሁ ላይ በጋውን ሙሉ ጨረቃ የምትወለድበትንና የምትሞላበትን ቀን ክበቡ፤ ከእያንዳንዱ ክብ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት የዐለት ቀኖቻችሁ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ሠንጠረዡ የሚያሰላው ጨረቃንና ፀሐይን እንጂ አየሩን አይደለም። የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ውሃው በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ የተባለው ሽሽት ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ሰማዩ ከከበደ ከቁጥሩ ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ።

የውሃው ፍጥነትም እኩል አይደለም፤ ሰው የሚጠመደው በዚህ ነው። የድሮ መርከበኞች የስድስቱን ሰዓት ጉዞ በአሥራ ሁለት እጅ ይከፍሉታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1። በሽሽትና በሙላት መካከል ያለው ልዩነት 4.8 ሜትር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውሃው የሚጨምረው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ሰዓት ግን 1.2 ሜትር። ከሽሽቱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፣ ሰው ይዘናጋል፣ ከዚያ ውሃው ይሮጣል። በአሸዋ ሜዳ ላይ ደግሞ ከፊት ብቻ አይመጣም፤ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅ ያለ ቦይ አስቀድሞ ሞልቶ የቆማችሁበትን ጉብታ ደሴት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ ሽሽቱ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ድረሱ፤ ውሃውን እየተከተላችሁ ውረዱ፤ ሽሽቱ ባበቃ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ መመለስ ጀምሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትመለሱበትን ሰዓት ለሰው ነግራችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ዐለቱ እንውረድ።

ዐለታማ ዳርቻን ከሩቅ ስታዩት በቀለም የተቀባ ይመስላል፣ መስመር በመስመር ነው። ከላይ የባሕር ብናኝ ብቻ የሚደርስበት ጥቁር መስመር አለ። ከሥሩ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች በስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጠዋል። ከዚያ ነጭ፣ ሻካራ የባርናክል (ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ቅርፊታም እንስሳ) መስመር፤ ከዚያ የዛጎሎችና የቡናማ አልጌ (የባሕር አረም) መስመር፤ ከሁሉ በታች ትልልቅ ሽሽት ሲመጣ ብቻ የሚገለጠው የኮከብ ዓሣና የሰፋፊ አልጌ ቀበሌ። ሁሉም ዳርቻ ሁሉም መስመር አይኖረውም፤ በሞቃታማ አገሮችም ዝርያዎቹ ሌሎች ናቸው። ጥያቄው ግን የትም አንድ ነው፦ ይህ እንስሳ ለምን እዚህ ቆመ? ከዚህ በላይ ለምን አልወጣም፣ ከዚህ በታችስ ለምን አልወረደም?

የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ጆሴፍ ኮኔል በስኮትላንድ ዳርቻ ሁለት የባርናክል ዝርያዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ሥራ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥቷል። የላይኛው ዝርያ ዝቅ ብሎም መኖር ይችላል፤ ግን ፈጥኖ የሚያድገው የታችኛው ዝርያ እየሸፈነና ከዐለቱ እየፈነቀለ ቦታውን ይቀማዋል። የታችኛው ደግሞ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው ፀሐይና ድርቀት ነው። በአጭሩ የላይኛውን ድንበር ብዙውን ጊዜ የሚያሰምረው አየር ነው፣ የታችኛውን ደግሞ ጎረቤት። ሌላው ተመራማሪ ሮበርት ፔይን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የፓስፊክ ዳርቻ ላይ አንድ ዓይነት ኮከብ ዓሣ ብቻ ከዐለቱ እያነሳ ወደ ባሕር ይመልስ ነበር። ኮከብ ዓሣው የሚበላቸው ዛጎሎች ተስፋፍተው ዐለቱን ወረሱት፤ 15 ከነበሩት ዝርያዎች የቀሩት 8 ሆኑ። ይህን ማወቅ ለተመልካች ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ኮከብ ዓሣ ለጌጥ ይዞ የሚሄድ ሰው የወሰደው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም።

እስቲ ወደ አንድ የዐለት ኩሬ ቀርባችሁ ተቀመጡ። መቆም ሳይሆን መቀመጥ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙሩ፤ ነጸብራቁ ካስቸገረ ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ ከጎን ያዙለት። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ውሃ ውስጥ ያለ ባርናክል ነጭ ጠጠር ይመስላል፤ ትንሽ ስትቆዩ ጫፉ ላይ ያሉት በሮች ይከፈታሉ፣ ከውስጥ እንደ ላባ የሚመስል ነገር ብቅ ይላል፣ ውሃውን ይጠርጋል፣ ይገባል፤ ደግሞ ይወጣል። ያ ላባ እግሩ ነው። ባርናክል የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው። ጭንቅላቱን ዐለት ላይ አጣብቆ በስድስት ጥንድ እግሮቹ ምግብ እየጠረገ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። እጃችሁን በላዩ ብታሳልፉ ጥላው ብቻ በሮቹን ያዘጋቸዋል። ከፈለጋችሁ ቁጠሩ፦ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይጠርጋል? በቀዝቃዛ ጠዋትና በሞቃት ቀትር አንድ ዓይነት ቁጥር አታገኙም።

አጠገቡ እንደ ትንሽ ቆብ የተደፋ ቀንድ አውጣ ታገኛላችሁ፤ ሊምፔት ይባላል። ብዙ ሰው እንደ ድንጋይ የማይንቀሳቀስ ይመስለዋል። ውሃው ሲሸፍነው ግን ይነሳል፣ በዐለቱ ላይ እየዞረ ቀጭኑን አልጌ እንደ ሞረድ በሆነ ምላሱ ይፍቃል፣ ውሃው ሳይሸሽም ብዙዎቹ ዝርያዎች ወደ ተነሱበት ቦታ ይመለሳሉ። ቅርፊቱ ከዐለቱ ጋር እየተፋተገ ልክ በልኩ የተቀረጸ ክብ ጠባሳ ይሠራል፤ ያ ጠባሳ ቤቱ ነው፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ የሚዘጋበት ክዳን ነው። የምላሱ ጥርሶች ብረት አዘል ማዕድን አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲለኩም እስከዚያ ከተለኩት የሕያዋን ቁሶች ሁሉ በጥንካሬ በልጠው፣ ከሸረሪት ድር እንኳ በልጠው ተገኝተዋል። ይህን እንስሳ በቢላ ፈልቅቆ «ሥሩን ለማየት» መሞከር መግደል ነው፤ እግሩ ከተጎዳ ዳግም አይጣበቅም። መንቀል ሳያስፈልግ ብዙ ይታያል። አሥሩን መርጣችሁ ከላይ ፎቶ አንሷቸው፤ ቅርፊታቸው ላይ ባሉት ባርናክሎችና ስንጥቆች አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። በሳምንቱ ተመለሱ። ስንቶቹ ቤታቸው አሉ? ባዶ የቀሩት ጠባሳዎች ስንት ናቸው? ይህ ብቻውን በጋውን ሙሉ የሚያሠራ ሥራ ነው።

ድንጋይ ስትገለብጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ አንሱት፣ አይታችሁ ስትጨርሱ በነበረበት ገጽ መልሱት። ከሥሩ ያለው ሕይወት ጥላ የለመደ ነው፤ ተገልብጦ የቀረ ድንጋይ በአንድ ቀትር ፀሐይ ይደርቃል፤ ከላይ የነበረው አልጌም ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል። እጃችሁን በባሕር ውሃ አርጥቡ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ወይም የትንኝ መድኃኒት የነካ እጅ ኩሬ ውስጥ አይግባ። ባልዲ ለልጆች ደስ ይላል፣ ግን ትንሽ ውሃ ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ባልዲው ጥላ ውስጥ ይሁን፣ አንድ እንስሳ ብቻ ይግባበት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይ። ሸርጣንና ትንሽ ዓሣ አብረው ከገቡ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ስለ ሸርጣን ካነሳን፣ በበጋ በየዳርቻው የሚሰማ አንድ ስጋት አለ፦ «በመቶ የሚቆጠሩ ሸርጣኖች ሞተው ወጡ፣ ባሕሩ ተመርዟል።» መመረዝ አለ፤ መጀመሪያ ግን አንዱን አንሱና አሽትቱት። የሞተ ሸርጣን ይከረፋል፣ ይከብዳል፣ ሥጋ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ግን ቀላል፣ ባዶ፣ ሽታ የሌለው፣ ከኋላው በኩል እንደ ሣጥን የሚከፈት ልብስ ነው። ሸርጣን የሚያድገው ቅርፊቱን እየቀየረ ነው፤ ከአሮጌው በኋላ በኩል ወጥቶ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ አዲሱ እስኪጠነክር ለቀናት ይደበቃል። የዓይኖቹ ሽፋን ሳይቀር አሮጌው ላይ ይቀራል። ውሃው ሲሞቅ ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን ስለሚቀይሩ ማዕበል ልብሳቸውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ይከምረዋል። የቅርፊቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ ሸርጣኖቹ እንዴት እያደጉ እንደሆነ ከዚህ ይነበባል።

አሸዋና ጭቃ ላይ ሥራው ሌላ ነው። እዚያ ሕይወቱ ያለው ከሥር ስለሆነ የምታነቡት ምልክት ነው። እንደ ተጠቀለለ ገመድ የሚመስል የአሸዋ ክምርና አጠገቡ ያለ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ የአንድ ትል ሁለት በሮች ናቸው፤ በጎድጓዳው በኩል አሸዋ ይውጣል፣ በክምሩ በኩል ያወጣዋል። ማዕበሉ ባሕር አረምና ቅርንጫፍ ጥሎ የሄደበትን መስመርም እንደ ቆሻሻ አትዩት። ከሥሩ የሚፈናጠሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ለብዙ ወፎች ቀለብ ናቸው። እዚያው ላይ ከቀንዳም ከረጢት ጋር የሚመሳሰል ጥቁር ነገር ካገኛችሁ የአንዳንድ ሻርኮችና የጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው የእንቁላል ቤት ነው። ደርቆ ስለሚጨማደድ ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ቅርጹ ሲመለስ ለኩት። ጄሊፊሽ ግን የሞተ ቢመስልም በባዶ እጅ አትንኩ፤ የሚናደፉት ሕዋሳት እሱ ከሞተ በኋላም ይሠራሉ።

የጭቃ ሜዳ ወፎችን ለማየት እስካሁን ያልኩትን የሰዓት ሕግ ገልብጡት። ውሃው ሲሸሽ ወፎቹ ከእናንተ ኪሎ ሜትር ርቀው ነጥብ ይሆናሉ። ሙላቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደርሳችሁ ከሜዳው ጫፍ ተቀመጡ፤ ውሃው ራሱ እየገፋ ያመጣላችኋል። 8 በ42 የሚባለው ቢኖኩላር ለጀማሪም ለለመደም ይበቃል። ስምንቱ የሚያቀርበው እጥፍ ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ከፍ ያለ ኃይል ያለው ቢኖኩላር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በሞቃት ቀን ከረፋዱ በኋላ አሸዋው ላይ አየሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ውድ መነጽርም አይረዳም፤ ጠዋት፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ማየት ነው የሚሻለው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም ጥንቃቄ የሚሻው ዳርቻው ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ጉዳይ ነው፤ ልጨነቅበትም ይገባል። ፕሎቨርና ተርን የመሳሰሉት ወፎች ከሣርና ከጭራሮ የተሠራ ጎጆ የላቸውም። አሸዋውን በደረታቸው ትንሽ ጎድጎድ ያደርጉና እዚያው ይጥላሉ። እንቁላሉ ጠጠር ይመስላል፣ ጫጩቱም አሸዋ ይመስላል፣ አደጋ ሲመጣም አይሮጥም፤ ተለጥፎ ይተኛል። በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ በእግር መርገጥ ግን ቀላል። ስለዚህ እንቁላሉን አትፈልጉ፣ ወላጁን አንብቡ። አንድ ትንሽ ወፍ እያፏጨ ከፊታችሁ ሮጥ፣ ቆም፣ ሮጥ ካለ ተጠንቀቁ። ክንፉ የተሰበረ መስሎ እየተንፏቀቀ ከራቀ እያታለላችሁ ነው፤ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ቅርብ ነው። ተርኖች ከላይ እየተወረወሩ ወደ ራሳችሁ ከመጡ ደግሞ ድንበሩን አልፋችሁ ገብታችኋል። በሦስቱም ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ቁሙ፣ እግራችሁ ሥር እዩ፣ የመጣችሁበትን ዱካ ረግጣችሁ ተመለሱ። ወደ ጎን መሸሽ ያልታየ ጎጆ ላይ ያወጣል።

ጥሩ ርቀት በሜትር የሚነገር አይደለም፤ ወፉ ነው የሚነግራችሁ። ከእንቁላሉ ከተነሳ ቀርባችኋል። ራቁ፣ ተቀመጡ፣ ተመልሶ እስኪተኛ ቆይታችሁ ያን ቦታ የእናንተ መቀመጫ አድርጉት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በቀትር ወላጁ እንቁላሉ ላይ የሚቆመው ለማሞቅ ሳይሆን ጥላ ለመሆን መሆኑን ነው። የጋለ አሸዋ ላይ የተጋለጠ እንቁላል ወይም ጫጩት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ለጥሩ ፎቶ ብሎ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ የተጋደመ ሰው ምንም ሳይነካ ጎጆውን ሊያጠፋ ይችላል። ውሻ በገመድ ይያዝ፤ ድሮን ከቶ አይነሳ። የጎጆ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ስታወጡም ቦታውን ደብቁ፤ ሰዎች ያዩትን የዱር ሕይወት የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው ድረ ገጽ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ቦታ በራሱ ያደበዝዛል፣ ለሌሎቹ ግን ምርጫው የእናንተ ነው።

ሞቃት ዳርቻ ላላችሁ፣ የባሕር ኤሊም እንግዳችሁ ሊሆን ይችላል። ጎህ ሲቀድ የሰው እግር ሳያበላሸው ዱካውን እዩ፦ የቀኝና የግራ መቅዘፊያ ምልክት ተራ በተራ ከሆነ ሎገርሄድ ወይም ሆክስቢል የሚባሉት ናቸው፤ ጎን ለጎን እኩል ከሆነ አረንጓዴው ኤሊ ወይም ሌዘርባክ። እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ የልጆቹን ጾታ የሚወስነውም የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሆን ሴቶቹ ይበዛሉ። የተፈለፈሉት በሌሊት ወጥተው ወደሚበራው አድማስ ይሄዳሉ። ጥንት ያ ባሕሩ ነበር። ዛሬ የመንገድ መብራትና የበረንዳ አምፖል ወደ የብስ ይጠራቸዋል። መብራት ማጥፋት፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ደፍኖ መሄድ፣ ወንበር ከአሸዋው ማንሳት፤ ከዚህ የበለጠ ማድረግ ከተፈለገ ፈቃድ ያለው ሰው ይጠራ።

ዳርቻ ላይ ብቻውን የተኛ የአቆስጣ (ባሕር ውስጥ እያደነ የብስ ላይ የሚያርፍ አጥቢ እንስሳ) ግልገል ካገኛችሁም የተጣለ አይምሰላችሁ። እናቱ ልትመግብ ሄዳ ይሆናል፣ ወይም እሱ ራሱ እያረፈ ነው። ወደ ውሃ አትግፉት፣ ውሃ አታፍስሱበት፤ መቶ ሜትር ራቁና እዩት። ራሱን ቀና አድርጎ ካያችሁ አሁንም ቅርብ ናችሁ። ቁስል ካለበት ወይም በመረብ ከተጠለፈ በአካባቢው ለሚመለከተው አካል ደውሉ።

አሁን ስለ ማስታወሻው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሳስ በእርጥብ ወረቀት ላይም ይጽፋል፣ ብዕር አይጽፍም። በእያንዳንዱ ጉብኝት ቀኑን፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት፣ የሽሽቱን ሰዓትና ከፍታ፣ ነፋሱን፣ ደመናውን ጻፉ። ከዚያ ያያችሁትን፣ ብዛቱን፣ የሚያደርገውን። ያላያችሁትንም ጻፉ። ሰኔ 20 ቀን «ኮከብ ዓሣ፦ 0» የሚለው ካልተጻፈ፣ በነሐሴ የምታዩት ሦስት ኮከብ ዓሣ አዲስ መጥቶ ይሁን ድሮም ኖሮ ሳትፈልጉት ቀርታችሁ አታውቁም።

በዐለት ላይ ለመቁጠር ከፕላስቲክ ቱቦ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሲባጎ ወጥሩበት፣ 25 ትንንሽ ቤቶች ይወጡታል። የባርናክል ሽፋን ለማወቅ ከግማሽ በላይ የተሸፈኑትን ቤቶች ቁጠሩና በ4 አባዙ፤ 11 ቤት ከሆነ 44 በመቶ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት አራት ማዕዘኑን «ብዙ ነገር ያለበት» ላይ ማሳረፍ ነው። ሜትር ዘርግታችሁ በየሁለት ሜትሩ፣ ባዶም ቢሆን፣ አስቀምጡት። የወፍ መንጋ ስትቆጥሩ ደግሞ አሥር ቆጥራችሁ ያ አሥር የሚይዘውን ቦታ በዓይናችሁ ያዙና መንጋውን በዚያ ልክ ለኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ 40፣ 55 እና 30 ካያችሁ 125 ብላችሁ አትደምሩ፤ አንድ ላይ የታየው ትልቁ ቁጥር 55 ነው፣ የሚመዘገበውም እሱ ነው።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ሰው በጋው ገና መሃል ላይ ነው ሲል፣ በወፎች ዘንድ ጉዞው ተጀምሯል። በአርክቲክ የፈለፈሉ የዳርቻ ወፎች ወደ ደቡብ መመለስ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ዘር ያልቀናቸው፣ ቀጥለው ሌሎቹ ወላጆች፣ በመጨረሻ የዓመቱ ልጆች። የሚገርመው ልጆቹ ብዙውን ጊዜ መንገዱን ያለ ወላጅ መውጣታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መከታተያ የተደረገበት ባር ቴይልድ ጎድዊት የሚባል አንድ ወጣት የዳርቻ ወፍ ከአላስካ ተነሥቶ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ በርሮ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ ደርሷል። እናንተ ዳርቻ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በላባ ይታያል። ወላጆቹ ከመፈልፈያው የመጡ ናቸውና ላባቸው ያረጀ፣ ጫፉ የተበላ፣ የደበዘዘ ነው። ልጆቹ ግን ከአንድ ወር ወዲህ የበቀለ ላባ አላቸው፤ እያንዳንዱ የጀርባ ላባ በነጣ ጠርዝ የተከበበ ስለሆነ ጀርባቸው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በየጉብኝቱ ከምታዩት መንጋ ሃያውን ብቻ በቢኖኩላር አንድ በአንድ እዩና «ያረጀ» እና «አዲስ» ብላችሁ በሁለት ዓምድ መዝግቡ። የመጀመሪያው ዓምድ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሁለተኛው ወደ ሃያ ይወጣል፤ የሚገናኙበትን ሳምንት አስምሩበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከየትኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መውጣት እንዳለባችሁ ከዚያ ይታወቃል።